የደረት ዘበኛ

ላስ ቬጋስ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1997

ለተከበሩት እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ከከተማው አንድ ዳር ከዊትኒ እስከ ሌላው ዳር ሎን ማውንቴን ቢፈለግ ስለ ማግኔት በማወቅ በላስ ቬጋስ አንደኛ መሆኑን ይወቁልኝ። እሺ፣ አንደኛው ጢሞቴዎስ ነው። እኔ ማግኔቱን የምይዝለት ነኝ። ግን እኔ ካልያዝኩለት እሱ ምኑን ይለካል? ስለዚህ አንድ ተኩል እንበለው።

ጉራዬ ሰላምታውን ቀደመው፣ ይቅርታ። እንዴት ነዎት? አዲሱ የልብ ባትሪ ተስማማዎት? ልጅዎ ስጦታስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል።

ባለፈው "ይህ የማን እጅ ነው? ማንን አስቸገርክ?" ብለው ጽፈዋል። የራሴ እጅ ነው። የጢሞቴዎስ ባለቤት መምህርት ኤልፍነሽ በቤተ ክርስቲያናችን ማታ ማታ ፊደል ስታስቆጥረን ከርማ አሁን አስመረቀችን። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ሺፍት ስለነበረባቸው ለፈተናው አልመጡም። እርስዎ ስልክ አይሰሙ፣ እኔ መጻፍ አልችል፣ ስንት ዘመን በሰው አፍና በሰው እጅ ስንነጋገር ኖርን! ሰው በሰው እጅ ምን ያስጽፋል? "ደህና ነኝ" ብቻ። አሁን በገዛ እጄ እንደ ልቤ መዋሸት እችላለሁ።

"ካዚኖውን ተውክ ወይ?" ላሉት፣ አልተውኩም። ማታ የካዚኖ ምንጣፍ እጠርጋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ወርጄ ጢሞቴዎስን አግዛለሁ። ጢሞቴዎስ ሴንሰር ዲዛይን ያደርጋል። ከምስር ፍሬ ያነሰ፣ ማግኔት ሲቀርበው የሚያውቅ ነገር ነው። ለማን ቢሉኝ፣ ለእርስዎ ቢጤ! ደረትዎ ውስጥ የቀበሩልዎ ማሽን የልብ ዘበኛ አይደል? ልብ ሲረበሽ በኤሌክትሪክ መትቶ ወደ ሥርዓቱ ይመልሰዋል። ሐኪም "ቆይ፣ አሁን አትምታ" ሊለው ሲፈልግ ደረት አይቀድም፤ ከላይ ማግኔት ያስቀምጣል። እኛ የምንሠራው ዘበኛው ያንን ማግኔት የሚሰማበትን ጆሮ ነው።

ጆሮው ሁለት ስስ የብረት ንጣፍ ነው፣ በመካከላቸው መዳብ አለ፤ ከስስነቱ የተነሳ የሽንኩርት ልጣጭ ከጎኑ ቢቀመጥ ፍራሽ ይመስላል። ኤሌክትሮን የሚባለው በመብራት ሽቦ ውስጥ የሚሮጠው ነገር እንደ እንዝርት ይሾራል ይላል ጢሞቴዎስ። ሁለቱ ንጣፎች ወደ አንድ ወገን ሲያዩ ኤሌክትሮኑ ሰተት ብሎ ያልፋል፤ ጀርባ ሲሰጣጡ ይጋፋል፣ ይጨናነቃል። ማግኔት ሲቀርብ ንጣፎቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከግፊያው ብዛት የማግኔቱ ጉልበት ይታወቃል። እኔ እንኳ ገባኝ፣ እርስዎማ!

ችግሩ ጆሮው ሆዳም ነው። የዘበኛው ባትሪ እንደ ራዲዮ ድንጋይ አውጥተው የሚቀይሩት አይደለም፤ ደረት መቅደድ ይጠይቃል። ጆሮው ብዙ ከበላ ዘበኛው ይራባል። ጢሞቴዎስ እንቅልፍ ያጣው ጆሮውን እንዴት እንደሚያስጾመው ነው።

ወንድምዎ ዘውገ፣
በራሱ እጅ


ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለዘውገ፣ ለማግኔቱ አንድ ተኩል፣

አለሁልህ፣ ስሙ ይባረክ። መልሱን ያዘገየሁት ስጦታ "ቴምብር ዛሬ፣ ቴምብር ነገ" እያለችኝ ነው፤ አትቀየመኝ። ፊደልህ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ግን ይነበባል። አባባ ይህን አይተው ቢሆን!

ለስጦታ ደውለህ "እትዬ መዝሙር እንዴት አድርገው ይሰማሉ?" ብለሃታል አሉ። በጆሮዬ አይደለም፣ እሱ ከተዘጋ ቆየ። መድረኩ ሥር አንድ ትልቅ ስፒከር አለ፤ ቁመቱ እኔን ያህላል። መዝሙር ሲጀመር ሄጄ ደረቴን ለጥፌ አቅፈዋለሁ። ያኔ ከበሮው በአጥንቴ ይገባል። ሕዝቡ ለምዶኛል፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ለሐኪም እንዳታሳብቅብኝ። ስፒከሩን ሳቅፍ ደረቴ ውስጥ ወፍ ይጮኻል! እኔ አልሰማውም። ስጦታ ናት ልትደግፈኝ ተጠግታ የሰማችው። "ማሚ፣ ቲጥ ቲጥ ይላል፣ ከልብሽ ምት ጋር እኩል" ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ አንድ ረጅም ፉጨት ያፏጭና ጸጥ ይላል አለች። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጆሯቸውን አስጠግተው ሰምተው አለቀሱ። "ጆሮዋ ቢዘጋ ልቧ ዘመረ" አሉ። ስጦታ "ባትሪ ነው፣ ባትሪ ይጮኻል" ትላለች፤ የዚህ አገር ልጅ እምነቷ እስከዚሁ ነው። በኖቬምበር መጀመሪያው እሑድ የምስክርነት ቀን ነው፤ ቆሜ እናገረዋለሁ። ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮዬ ዲሴምበር ነው። ቢሰማ ብልሽት ነው ብሎ ዝም ያሰኝብኛል፤ ስለዚህ አልነገርኩትም።

ስጦታ የካዲላኩን ነገር አልረሳችልህም።

እህትህ የሺሃረግ


ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1997

እትዬ የሺሃረግ፣

የእኔ ደረት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሳል በቀር አልዘመረም፤ የእርስዎ ወፍ አስገባ! ካሴት እናውጣ። እኔ ማናጀር፣ እርስዎ ዘማሪ፣ ስፒከሩ አጃቢ። እስከዚያው ምክሬ፣ አጥብቀው ይቀፉት፤ ወፏ እንዳይበርዳት።

ስለ ካዲላኩ ስጦታን በእግዜር ይማልዱልኝ። የካዚኖ ባልደረባዬን "ማናጀር ነኝ፣ አጎትሽ ካዲላክ አሸነፈ" አስብዬ ያስደወልኩት ለሳቅ ነበር። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ፣ መኪናውን ልትነዳ ላስ ቬጋስ ድረስ ትመጣለች ብዬ በየት በኩል ላስብ?

ዘውገ፣
በራሱ እጅ


ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1997

እትዬ የሺሃረግ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ያቺን "አጥብቀው ይቀፉት" ያልኩባትን ደብዳቤ ቀደው ይጣሉልኝ። ስፒከሩ አጠገብ አይድረሱ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ትናንት ጢሞቴዎስ አንድ አሮጌ ማሽን ከካርቶን አወጣ። የእርስዎ ዓይነት ነው፤ ከሰው ደረት ወጥቶ ለሙከራ የተሰጠው። ውስጡ ያለው የድሮው ጆሮ ነው፦ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች፣ ማግኔት ሲቀርብ የሚነካኩ። የማን ማግኔት እንደ ሆነ አይለዩም። የልብ ምት የሚያስመስል ሽቦ አገናኘበትና "ጋሽ ዘውገ፣ ማግኔቱን ያምጡ" አለኝ።

አቀረብኩ። ቲጥ፣ ቲጥ፣ ቲጥ አለ። ሳቄ መጣ፤ የእርስዎን ወፍ ላወራለት አፌን ስከፍት ረጅሙ ፉጨት መጣ። ማግኔቱን አነሳሁት። ጸጥ።

"በቃ፣ ተኛ" አለ ጢሞቴዎስ።

"ማን?"

"ዘበኛው። አሁን ልብ ቢረበሽ አይነሳም። ሌላ ማግኔት መጥቶ እስኪቀሰቅሰው ይተኛል። ሐኪሞቹ እንዲህ የሚያደርጉት አውቀው ነው።"

"ባለቤቱስ በምን ያውቃል?"

"አያውቅም። አያምም፣ አይከብድም።"

"ጢሞቴዎስ፣ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ?"

"ያለ ማግኔት ስፒከር የለም።"

"ትልቅ ስፒከርስ?"

"ትልቅ ማግኔት። ምነው ጋሼ፣ ላብ በላብ ሆኑ?"

እትዬ፣ ነገርኩት። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያስፈራኝ መቀመጡ ነው፤ ጢሞቴዎስ ሲሠራ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። አንዴ ስፒከሩን ሲያቅፉ ዘበኛው ይተኛል፣ ሌላ ጊዜ ሲያቅፉ ይነቃል አለኝ። አንዱ እሑድ ያስተኛዋል፣ ሌላው እሑድ ይቀሰቅሰዋል ማለት ነው። ዛሬ የትኛው ላይ እንዳሉ ከጌታ በቀር የሚያውቅ የለም። "እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የእርሳቸውንም ማሽን አላየሁም፤ ዛሬውኑ ሄደው ያስፈትሹ" ነው ያለው።

ወዲያው ለስጦታ ደወልኩ። "አንክል! ዛሬ ደግሞ ምን አሸነፍክ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ደረት ውስጥ የሚተኛ ዘበኛ። ጥሩ ነው፣ ቀጥል" አለች። ጢሞቴዎስ ስልኩን ተቀብሎ በእንግሊዝኛ አስረዳት፣ ዲግሪውን ሳይቀር ነገራት። እየሳቀች "ይሄኛው ከባለፈው ማናጀር ይሻላል፣ ጥሩ አስጠንተኸዋል" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

መጥቼ በእጄ ልወስድዎ አስቤ ነበር፤ ካዚኖው ፈቃድ ነሳኝ። ደግሞ ብመጣስ በሩን የምትከፍተው ስጦታ አይደለችም? እባክዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ቀልድ ካገኙ ወንድም አይበሉኝ።

ዘውገ


ሲያትል፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1997

ዘውገ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን አስቀድሜ የምጽፍልህ እንደማትጠይቀኝ ስለማውቅ ነው፤ ሞታ ይሆናል ብለህ ነው የጻፍከው።

ስታስቀኝ ኖረሃል፣ ዕድሜ ይስጥህ። በጌታ ሥራ ላይ ግን አይቀለድም። በኦክቶበር መጀመሪያ "አጥብቀው ይቀፉት" አልከኝ፣ በኦክቶበር አጋማሽ "አጠገቡ አይድረሱ" አልከኝ። የትኛው ዘውገ ነው ወንድሜ? ማግኔት ስትይዝ ውለህ ዓለሙ ሁሉ ማግኔት ሆነብህ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ የምሰማው ያችን ታህል ነው፣ በአጥንቴ። እሷንም ልትወስድብኝ?

ስጦታ ስልክህን ላለማንሳት ምላለች። ያንን እንግሊዝኛ አዋቂ ጓደኛህንም ንስሐ ይግባ ብላሃለች። ምስክርነቴ ኖቬምበር 2 ነው። ጸልይልኝ እንጂ አታስፈራራኝ።

የሺሃረግ


ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1997
(በአስቸኳይ ፖስታ)

እትዬ የሺሃረግ፣

ነጠላዎን አዘቅዝቀው ይልበሱና ያንብቡኝ። መርዶ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ግዛቸው የሚባሉ አስተናጋጅ ነበሩ። ሰው በር ላይ ተቀብለው፣ እጅ ይዘው ወንበር የሚያሲዙ፣ ዝምተኛ ሰው። እንደ እርስዎ የልብ ባትሪ ነበራቸው። አዳራሹ ኪራይ ስለሆነ ከአምልኮ በኋላ ስፒከሩን ወደ መኪና የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው። ደረታቸው ያፏጭ ነበር አሉ። ሰው ስቆ አለፈው። ባለፈው ሐሙስ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ሊወርዱ ሲሉ ልባቸው ተረበሸ። ዘበኛው ተኝቶ ነበር። ቁልፉ በእጃቸው እንዳለ ተገኙ። ትናንት ቀበርናቸው።

ብዙ ዋሽቼዎታለሁ። በሞት ግን ቀልጄ አውቃለሁ? እማማ ስታርፍ መርዶውን ያስጻፍኩልዎ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል ጨምሬ ነበር?

ከእሑድ በፊት ይሂዱ። ስጦታም ታንብበው።

ዘውገ


ሲያትል፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለዘውገ፣

ጌታ ያጽናህ። የእናንተንም ጉባኤ፣ የጋሽ ግዛቸውንም ቤት እርሱ ያጽናና። ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ስጦታ ደብዳቤህን ቆማ አነበበችው፣ ቃሉ ሲከብዳት እያስረዳኋት። "በዚህ አይቀልድም፣ አይደል ማሚ?" አለችኝ። "በዚህ አይቀልድም" አልኳት። ኮቷን አነሳች።

ሐኪሙ አንድ ነገር ደረቴ ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና ስጦታን ወደ ውጭ ጠራት። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ስትመለስ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለእኔ ወረቀት ላይ "ተኝቶ ነበር፣ ቀስቅሰነዋል" ብላ ጻፈችልኝ። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ብጽፍላት ብዕሩን አስቀመጠችው። ምስክርነቱን ተውኩት። አሁን ኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ዝም ያለ ነው። እህቶች መዳፋቸውን መዳፌ ላይ እየመቱ ዜማውን ይሰጡኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ቤት ውስጥ የደረሰብኝን ልጽፍልህ አልፈልግም፣ ስጦታም ከልክላኛለች። ልብስ እያጠፍኩ ነበር፣ ይኸው ነው። ከዚያ የማውቀው በቅሎ ደረቴን እንደ ረገጠችኝ ነው። ስነቃ ምንጣፉ ላይ ነኝ፣ ልጄ አንገቴ ሥር ሆና አፏ ይንቀሳቀሳል። ዘበኛህ ነቅቶ ነበር ዘውገ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ስጦታ ልትደውልልህ አፍራለች፤ አንተ ደውልላት። ጢሞቴዎስንም ይቅርታ በልልኝ።

በዚህ ጥቅል ውስጥ ነጠላ አለ፤ ለጋሽ ግዛቸው ባለቤት ነው። ባለፈው በፖስት ካርድ "የባለቤታቸው ስም ማነው?" ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም፣ ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት። በእጅህ አልብሳቸው። "ባለቤትዎ ሞተው አንዲት የማያውቋትን ሴት አተረፉ" በላቸው። በየማለዳው ለእርሳቸውና ለልጆቻቸው እጸልያለሁ።

እህትህ የሺሃረግ


ላስ ቬጋስ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1997

ለተከበሩት እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ፣

እንዴት ነዎት ብዬ ስጽፍ ይህች የመጀመሪያዬ ናት፤ እስከ ዛሬ የጻፍኳቸው ልማድ ነበሩ። እንዴት ነዎት?

ከስጦታ ጋር በስልክ ተላቀስን። "አንክል፣ ከአሁን በኋላ የምትለውን ሁሉ አምንሃለሁ" አለችኝ። ይህን ያህልማ አይሁን አልኳት።

በእሷ በኩል "እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?" ብለው ጠይቀዋል። አይወስደኝም። ምንጣፍ ስጠርግ፣ የቁማር ማሽኑን ደረታቸው ድረስ ተጠግተው የሚቀመጡትን አሮጊቶች አያለሁ። ማንኛቸው ደረት ውስጥ ዘበኛ እንዳለ፣ የተኛ ይሁን የነቃ፣ ከላይ አይታወቅም። ትናንት አንድ ሽማግሌ ሙዚቀኞቹ መድረክ ሥር ስፒከር ተደግፈው ሲያንጎላጁ አየሁና መጥረጊያዬን ጥዬ ጎተትኳቸው። ሴኪዩሪቲ ተጠርቶብኛል። "ማግኔት!" እያልኩ ስጮህ ሰካራም መሰልኳቸው። ሰውየው ደረታቸው ውስጥ ምንም የለም።

ጢሞቴዎስ ዲዛይኑን ቀየረ። የእርስዎን ነገር ከሰማ ወዲህ የድሮውን ሐሳብ ቀዶታል። አዲሱ ጆሮ ማግኔት እስካለ ብቻ ዘበኛውን ያቆመዋል፤ ማግኔቱ ዞር ሲል ዘበኛው ማንም ሳይቀሰቅሰው ራሱ ይነሳል። ሆዳምነቱንም መላ አገኘለት፦ ጆሮው ሁልጊዜ አይሰማም፤ ለዓይን ጥቅሻ ታህል ይነቃና አዳምጦ መልሶ ይተኛል። ያቺ ጥቅሻ ከባትሪው የምትወስደው ከጠብታ ያነሰ ነው። ሰው ደረት ውስጥ ለመግባት ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ዓመታት ይፈጃል ይላል። ለእርስዎ አይደርስ ይሆናል። እኔ ግን ማግኔቱን ይዤ ስፒከር አስመስላለሁ፤ ሐኪም አስመስላለሁ። ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ከሩብ ተሻሽያለሁ።

ከስፒከር ይራቁ። ከዚህ ሌላ ምክር የለኝም።

ወንድምዎ ዘውገ፣
በራሱ እጅ

ፈርሜ ፖስታውን ልለጥፍ ነበር። ነጠላው ወንበሩ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ጀርባዬን ሰጥቼው ነው።

እትዬ፣ የባለቤታቸውን ስም ያልመለስኩልዎ ከሐዘን አይደለም። ማሽኑ፣ ፉጨቱ፣ ስፒከሩ፣ ጢሞቴዎስ ያለው ቃል ሁሉ እውነት ነው። ጋሽ ግዛቸው የሚባል ሰው ግን የለም። አልሞተም፣ አልተቀበረም፣ ባለቤትም የለው። እሑድ እየመጣ ነበር፤ አንዱ ደብዳቤዬ አስቆዎታል፣ አንዱ አስቆጥቶዎታል። በመርዶ እንደማልዋሽ ያውቁ ነበር። እርስዎ ዘንድ የቀረኝ መታመን ያ ብቻ ስለነበር እሱን ከፈልኩበት።

ያን ማታ ወረቀቱን ስጀምር የፈራሁትን ሞት እንዳለ ልጽፈው ነበር። "የ" ብዬ ጀመርኩ፣ የስምዎን መጀመሪያ። እጄ ከዚያ አልሄድ አለኝ። ወረቀቱን ቀደድኩትና በሌላ ወረቀት ግዛቸው አልኩ።